ውሃው ከየት መጣ?

አክስቴ (እኛ ቤት «ሓትኖይ» ነው የምንላት) ጫማዋ እምቢ ያላት በሁዳዴ ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይገባል። ወደ ማታ ግን እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ እንደ ሊጥ ኩፍ ይልና የባሏን ሸበጥ አድርጋ ትዞራለች። ሁላችንም ወዲያው ሐኪም ሆንን። እናቴ «ቆማ ስላስቀደሰች ነው» አለች። ጎረቤታችን «ብርድ ነው» አለች። እኔም ኢንተርኔት ያለኝ ምሁር ነኝና «ዕድሜ ነው» ብዬ ፈረድኩ። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው እኮ! ሓትኖይ፣ ይቅር በይኝ።

መጀመሪያ የሄደችው አንድ ክሊኒክ ነው፤ ስሙን እንተወው። ሁለት ሰዓት ተሰልፋ አራት ደቂቃ ታየች። ሰውየው እግሯን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ አየት አደረገና የሚያሸና ኪኒን ጻፈላት። እውነት ለመናገር ኪኒኑ ሠራ፤ እግሯ ጎደለ። ኪኒኑ ሲያልቅ ግን ተመልሶ ሞላ።

ከዚያ አንድ ቀን ቡና ላይ ወሬው መጣ። ቻይና ተምሮ የመጣ ሰው አለ፣ በመርፌ ነው የሚያክመው፣ ዐሥር ጊዜ ከተወጋሽ እብጠቱ ድራሹ ይጠፋል ተባለ። ከቀዳማይ ወያነ ባጃጅ ይዘን የሄድነው እኔና እሷ ነን። ስለዚህ የምነግራችሁ በዐይኔ ያየሁትን ነው።

ሰውየውን ላማው ብፈልግም አልሆነልኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ አናገራት። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ምግብ ይስማማሻል? ይበርድሻል ወይስ ይሞቅሻል? ምላሷን አየ። የሁለቱንም እጆቿን የልብ ትርታ፣ በሦስት ጣት፣ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ አጋደማትና እግሯን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ሰካባት፤ ከጉልበቷ በታች በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ ሌላም ቦታ። አርባ ደቂቃ ተኛች። ስትነሣ የጫማው ማሰሪያ ገጠመ! እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሓትኖይ ባጃጁ ውስጥ «ጓለይ፣ እንዲህ ያዳመጠኝ ሰው አላየሁም» እያለች እስከ ቤት ድረስ መረቀችው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። እግሯ ለምን ጎደለ? በኋላ የገባኝ ነገር ቀላል ነው። ያበጠ እግር ከፍ ተደርጎ አርባ ደቂቃ ቢቀመጥ፣ መርፌ ኖረም አልኖረም፣ ቁልቁል የተጠራቀመው ውሃ ወደ ላይ ይመለሳል። ሰውየው ጨውም ቀንሺ ብሏታል፤ እሱም ይሠራል። (ጨው ቀንሺ ማለት በመቐለ! ይቺ ከተማ ከአፋር በግመል በመጣ አሞሌ የደለበች ከተማ ናት። ሓትኖይ ሽሮዋ ላይ ጨው ስትቀንስ የአያት ቅድመ አያቶቿን ንግድ የከዳች ነው የመሰላት።) መርፌው ከዚህ በላይ ምን ጨመረ? ከአንዲት አክስት እግር ተነሥቶ ይህን ማወቅ አይቻልም። ሌሎች ግን በሥርዓቱ ሞክረውታል።

ኒው ዮርክ ያለው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የተባለው የካንሰር ማዕከል ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ ክንዳቸው ያበጠባቸውን ሴቶች በአኩፓንቸር አከመ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የመጀመሪያው ሙከራ ትንሽ ነበር፤ 33 ሴቶች። ከመካከላቸው 11ዱ እብጠታቸው ቢያንስ በ30 በመቶ ቀነሰ። ሁሉም ደስ አለው። ነገር ግን የሚወዳደሩበት ሌላ ቡድን አልነበረም። ስለዚህ ሰዎቹ (አከብራቸዋለሁ!) ራሳቸውን ተጠራጥረው 82 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ለስድስት ሳምንት በሳምንት ሁለቴ ተወጉ፣ ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ፦ በክንዶቹ መጠን ላይ የረባ ልዩነት አልተገኘም። የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ አንብቦ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሰው አልዋሸም፤ ሁለተኛውን ግን አላነበበም።

ይህን ስል «ቻይና ምን ታውቃለች» የሚል ድምፅ ከኋላ እሰማለሁ። ተዉ እንጂ! የቻይና ሐኪሞች እኮ አገራችን ሲመጡ የዛሬ አይደለም። ከሄናን ክፍለ ሀገር የሚላክ የሕክምና ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሠርቷል። አዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ብትሄዱ አኩፓንቸር ከሌላው ሕክምና ጎን ሲሰጥ ቆይቷል። እኛስ ብንሆን ዋግምት ያለን ሕዝብ አይደለንም እንዴ? ቀንድ ወይም ብርጭቆ ጀርባ ላይ ለጥፎ መሳብን ቻይናም ታውቀዋለች፣ አያቴም ታውቀዋለች።

ደግሞ የሚያስገርመው፣ የድሮዎቹ ቻይናውያን ስለ ውሃ እብጠት የጻፉት ነገር እኛ ከገባንበት ክፍል የበለጠ ጠንቃቃ ነው። «ሁአንግዲ ኔይጂንግ» የሚባለው ከ2000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መጽሐፋቸው ለውሃ በሽታ 57 የመርፌ ነጥቦችን ይቆጥራል። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ከነጥቦቹ በፊት የሚጠይቀው ሥሩ የት ነው ብሎ ነው፤ መልሱም ሥሩ ኩላሊት፣ ጫፉ ሳንባ የሚል ነው። (መጽሐፉ ኩላሊት ሲል ዛሬ በአልትራሳውንድ የምናየውን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የእነሱ ኩላሊት ሰፊ ሐሳብ ነው። ቢሆንም ይህን ቃል ያዙልኝ።) ከ1800 ዓመት በፊት የነበረው ጃንግ ጆንግጂንግም እብጠትን በአንድ ስም አልጠራውም፤ ከነፋስ የመጣ፣ ቆዳ ሥር የተኛ፣ ሆድ ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እያለ ለይቶታል። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ከእምብርት ከፍ ብላ ስላለች «ሹይፈን» ስለምትባል ነጥብ የሚሉት ነው። ትርጉሟ የውሃ መለያያ ማለት ነው። እንግዲህ ስሟን የሰማ ሰው ለእብጠት መወጋት ያለባት እሷ ናት ብሎ ይዘላል። የጥንት የመርፌ መጻሕፍት ግን ሰውየው ውሃ የያዘው ከሆነ እዚያ ላይ መርፌ እንዳትሰካ፣ ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ ሰውየውም ያልቃል፣ በእሳት ጭስ ብቻ አሙቀው ብለው ያስጠነቅቃሉ። አያችሁ? የራሳቸው ሊቃውንት ውሃውን ስላስወጣህ ሰውየውን አዳንክ ማለት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

እና ጥያቄዬ ከቻይና ጋር አይደለም። ጥያቄዬ እብጠትን እንደ በሽታ ከሚያክም ሁሉ ጋር ነው። ያ አራት ደቂቃ ያየን ክሊኒክና ያ አንድ ሰዓት ያዳመጠን ባለ መርፌ በጠባይ ሰማይና ምድር ናቸው። የሠሩት ስሕተት ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ውሃውን ቀዱ፣ ሁለቱም ውሃው ከየት እንደመጣ አልጠየቁም።

ከየት ይመጣል? ደማችን ውስጥ ውሃውን ይዞ የሚያቆይ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጉበት ይሠራዋል፣ ምግብ ይገነባዋል፣ ኩላሊት እንዳይፈስ ይጠብቀዋል። ከሦስቱ አንዱ ከተበላሸ ውሃው ከደም ሥር ሾልኮ ሥጋ ውስጥ ይተኛል። ልብም ፓምፕ ነው፤ ሲደክም ውሃው ወደ እግር ይወርዳል። ይህ የሽማግሌ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በልጅነቱ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ያልታከመለት ልጅ የልቡ በሮች ተጎድተው በሃያ ዓመቱ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ራሱ ቁርጭምጭሚት የሚያሳብጥበት ሰው አለ፤ ይህ ሰው የሚያስፈልገው መድኃኒቱን የሚቀይርለት ሐኪም እንጂ መርፌም ሌላ ኪኒንም አይደለም። ነፍሰ ጡር ሆና ፊቷና እጇ ያበጠ፣ ራሷን የሚያማት፣ ዐይኗ ብዥ የሚልባት እኅት ካለቻችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አቁሙና ይዛችኋት ሂዱ። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመም እንደዚያው፤ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና መታሸትም መወጋትም የለበትም።

ሓትኖይ ስድስተኛው መርፌ ላይ ፊቷም ጠዋት ጠዋት ማበጥ ጀመረ። አሥረኛው ላይ ሌላ ዐሥር ያስፈልጋል ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ወር ሄደ። በመጨረሻ ሆስፒታል ወሰድናት። አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ምናልባት የእኔ ዕድሜ፣ ወንበሯን ሳበችና ቁጢጥ ብላ የሓትኖይን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስትለቀው ስርጉዱ ቀረ፤ ሩዝ የሚሞላ ጉድጓድ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፦ «ሽንትዎ አረፋ ይሠራል?»

ሓትኖይ ሳቀች። «ኦሞ እንደተጨመረበት ነው እንጂ!» ስንት ወር ሆነው? «ኧረ ከዓምና ጀምሮ…»

ከዓምና ጀምሮ! እኔ አላውቅም፤ እናቴ አታውቅም። ማንም አልጠየቃትማ። ሽንቷ ውስጥ አንዲት ቀጭን የወረቀት ዘንግ ተነከረችና ቀለሟን ቀየረች፤ ፕሮቲን። ስኳር እንዳለባት ያን ቀን አወቅን፤ ግፊትም አብሮ። ስኳሩ ለዓመታት በዝምታ የኩላሊቷን ወንፊት ሲበሳ ኖሯል፤ አልቡሚኑ በዚያ በኩል ይፈሳል፣ ውሃውም እግሯ ላይ ይቀራል። ሥሩ ኩላሊት! ያ የ2000 ዓመቱ መጽሐፍ ቢያንስ ከእኛ ሁሉ በተሻለ አቅጣጫ ይመለከት ነበር ማለት ነው። ሐኪሟ አልተቆጣችንም። «ቀደም ብትሉ ጥሩ ነበር» ብቻ አለች። የጠፋ የኩላሊት አቅም አይመለስም፤ የቀረውን መጠበቅ ነው።

በዚህች ከተማ ኩላሊት የሚለው ቃል ሌላ ክብደት አለው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ዓይደር ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ዕቃ አልቆበት ሕሙማን እንደሞቱ ሐኪሞቹ በይፋ ተናግረዋል። ማሽኑ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ዕቃው የለም። በዚያው ሰዓት በሕፃናቱ ክፍል የሚታየውን እብጠት ደግሞ ለመለየት አውራ ጣት ብቻ ይበቃል። በሁለት እግር ላይ ሦስት እስኪቆጠር ተጭኖ ስርጉዱ ከቀረ የከፋ የምግብ እጥረት ምልክት ነው። ከሩቅ ለሚያይ ልጁ የወፈረ ይመስላል፤ የራበው ግን ነው። የዚያ ውሃ ሥር ኩላሊትም ልብም አልነበረም፤ ሥሩ የተዘጋ መንገድ ነበር። ይህን ያየ ሰው እብጠትን በመርፌ አጠፋለሁ ሲሉት እንዴት ዝም ይበል?

የእኛው ክልል ሌላም ታሪክ አለው፤ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት አይመስለኝም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ወደ ሽሬ አካባቢ፣ ህርሚ በሚባል ሸለቆ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ሰዎች ሆዳቸው በውሃ እየተነፋ መታመምና መሞት ጀመሩ። ፀዓዳ እምባ የምትባለው መንደር ስሟ ከዚህ ጋር ተያይዞ ይነሣል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ይታመማል። በሽታው ስም እንኳ ስላልነበረው ለዓመታት «ያልታወቀው የጉበት በሽታ» ተብሎ ሲጻፍ ኖረ። ሆድ የነፋውን ሰው ውሃውን ቀድቶ ማስተንፈስ ይቻላል፤ ግን ተመልሶ ይሞላል። የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች የተጠየቀውን ጥያቄ ቀየሩት፦ ሰዎቹ ምን ይበላሉ? ምን ይጠጣሉ? እህሉን በምን ያስቀምጣሉ?

መልሱ የተገኘው እህሉ ውስጥ ነው። አጌራተም የሚባል አረም ከማሳው ጋር አብሮ ይበቅላል፣ ዘሩ ከእህል ጋር ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይፈጫል። ውስጡ ያለው ፓይሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ የጉበትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ደሙ መውጫ ሲያጣ ውሃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት ደግሞ ከአረሙ ጎን ዲዲቲንም አንሥቷል፤ ገበሬው እህሉን ከነቀዝ ለመጠበቅ ይነሰንሰው ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ የዚህ እብጠት መድኃኒት የት ነበር? ማሳው ላይ፣ በአረም ማረም። አውድማው ላይ፣ በወንፊት። የትኛውም የሰውነት ነጥብ ላይ አልነበረም።

ከትግራይ ወጣ ስንል ደግሞ ዝሆኔ አለ፤ ቀይ የደጋ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ ዓመታት ፈጅቶ እግር የሚያሳብጠው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው አፈሩን ከበሽታው ጋር ያያያዘው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 በሚጠጉ ሕሙማን ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያንን ትኩሳት የሚያመጣ የእግር ቁስለት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሳሙናና ጫማ! እንዲህ ያለው እግር ላይ ደግሞ የቆሸሸ መርፌም ሆነ ምላጭ ማሳረፍ ለተህዋስያን በር መክፈት ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ሓትኖይ ወደ ባለ መርፌው የሄደችው አላዋቂ ስለሆነች አይደለም። የሄደችው ሰው ሊያዳምጣት ስለፈለገች ነው። አራት ደቂቃ ውስጥ አረፋ አይወራም። «ሽንቴ እንዲህ ነው» ለማለት አንዲት የመቐለ ሴት መጀመሪያ ወንበር፣ ቀጥሎ የተዘጋ በር፣ ቀጥሎ ፊት የሚሰጣት ሰው ትፈልጋለች። ያ ሰውዬ ሦስቱንም ሰጣት፤ የሽንት ምርመራ ብቻ ነው የጎደለው። ክሊኒኩ ደግሞ ምርመራውን ሁለት ክፍል እልፍ ብሎ አስቀምጦታል፤ ወንበሩ ነው የጎደለው። ሁለቱን ቤቶች ባዋልዳቸው እወድ ነበር። የእኛ የሕክምና ተማሪዎች ለአንድ ሳምንት እንኳ እዚያ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰው እንዴት እንደሚጠየቅ ቢያዩ አልጠላም። ባለ መርፌዎቹም ያበጠ ሰው ሲመጣባቸው መጀመሪያ ሽንትህን፣ ስኳርህን፣ ግፊትህን ተመርምረህ ወረቀቱን አምጣ ብለው ቢመልሱት የሚጎድልባቸው ክብር የለም። ይህን የሚከለክላቸው የቻይና መጽሐፍም የለም።

ሓትኖይ ዛሬ ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፣ ጨው የሌለው ሽሮዋን እያማረረች ትበላለች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ እግሯን ትዘረጋልኝና እኔ ቅልጥሟን ጫን አድርጌ ሦስት እቆጥራለሁ። ስርጉዱ እየቀለለ ነው። «ኣጆኺ» እላታለሁ፤ «አንቺው ኣጆኺ» ትለኛለች።

አሁን ደግሞ ጉልበቷን እያመማት ነው። ሐኪሟ የጉልበት መገጣጠሚያ ነው ብላለች፤ በኩላሊቷ ምክንያትም አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ኪኒኖችን ከልክላታለች። ባለ መርፌው ጋ ልሂድ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ለጉልበት ሕመም መርፌው መጠነኛ እፎይታ እንደሚሰጥ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ መርፌው አዲስና የታሸገ ይሁን እንጂ ችግር የለውም አለቻት። ቅዳሜ ባጃጅ ይዘን እንሄዳለን። የምርመራ ወረቀቷን በፌስታል አድርጌ ይዤላታለሁ፤ ሰውየውም ይየው።